መስተዋት የለበሰው ሣጥን በሮቢት

መስተዋት በቤታችን ያለው ሥፍራ የታወቀ ነው። በመስኮት ላይ ብርሃን ያስገባልናል፤ በቁም ሣጥን ደጃፍ ላይ መልካችንን ያሳየናል፤ ብርጭቆ ሆኖም ሻይ እንጠጣበታለን። ከዐሥር ዓመት ገደማ ወዲህ ግን ቀድሞ እምብዛም በማይታይበት ስፍራ ገብቶ ተገኝቷል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ሣጥን ጎን ላይ ነው። ይህ ሣጥን ቀድሞ ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ በጠረጴዛ ሥር ተሸጉጦ የሚኖር ዕቃ ነበር፤ በሆዱ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ጠጋኙ ብቻ ነበር። ዛሬ ጎኑ፣ አንዳንዱም ፊቱ ጭምር መስተዋት ለብሶ፣ በውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት እየበራ፣ እንደ ዓሣ ማኖሪያ ገንዳ ከጠረጴዛ በላይ ተቀምጦ ይታያል። ነጋዴዎች ሣጥኑን «ኬዝ» ይሉታል፤ ወጣቶችም ዕቃውን በሙሉ «ጌሚንግ ፒሲ» ብለው ይጠሩታል።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ በ2017 ዓ.ም. በሮቢት፣ በዘመዶቼ ቤት የተነሣ ክርክር ነው። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብም የግዳን ደጋ ይታያታል። ሜዳው ከጥንት ጀምሮ በማሽላ የታወቀ ሲሆን፣ የቆቦ ጊራና የመስኖ ሥራ ከተዘረጋ ወዲህ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረትበታል። እኅቴ ባሏ ከሞተ በኋላ በሁለት ጥማድ የመስኖ መሬት ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በዚያ ዓመት ሽንኩርቱ ዋጋ አውጥቶላት ጥቂት ገንዘብ ቋጠረች፤ አሳቧም የውኃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ነበር። የበኵር ልጇ ግን ሌላ አሳብ ነበረው።

ይህ ወጣት የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.2 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል፤ እርሱም ከቀሩት ከብዙዎቹ አንዱ ነበረ። መምህር እንደ መሆኔ ይህን ቍጥር በየቀኑ በወንበር ተቀምጦ አየዋለሁና፣ ልጆቹን ሁሉ ሰነፍ ብሎ መገላገል አይሆንልኝም። ወጣቱ በቆቦ ከተማ ስልክ ከሚጠግን ሰው ዘንድ ረዳት ሆኖ ሲሠራ ቆየ፤ በዚያም ብሎን መፍታትና መግጠም፣ ጥቃቅን ዕቃ በትዕግሥት መያዝ ተማረ። ከደመወዙም ጥቂት አጠራቅሞ ነበር።

እኅቴ አስጠርታኝ፣ «ወንድም ዓለም፤ ይህ ልጅ በበሬ ዋጋ የመስተዋት ሣጥን ግዢልኝ ይለኛል፤ ጨዋታ የሚጫወቱበት ነው አሉኝ። አንተ የተማርህ ነህና ምከርልኝ» አለችኝ። ልጁም በበኩሉ፣ «አጎቴ፤ ጨዋታው አንዱ ነገር ነው እንጂ ሁሉም አይደለም፤ የሰርግ ፊልም አቀናብርበታለሁ፤ ጨዋታ ራሱ እንዴት እንደሚሠራም እማርበታለሁ። እስቲ አንቱ ይመልከቱትና ይፍረዱ» አለ። እኔም ከመፍረዴ አስቀድሜ አንድ ነገር አዘዝሁት፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ሥራውንና ዋጋውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲያመጣ ነው። በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። በራስጌው ላይ ፊቱም ጎኑም መስተዋት የሆነ፣ ሰባት ባለ መብራት ማራገቢያ ያለው ኬዝ ተጽፏል፤ በግርጌው ደግሞ ከሁሉ ርካሽ የሆነ፣ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ ሰፍሯል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ ከዚያ ጀመርን።

የኮምፒዩተር ሥራ የሚሠራው ሣጥኑ እንዳይደለ ቤተ ሰብ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። የሚያስበው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያሰበውን ለጊዜው የሚይዝለት ራሙ ነው፤ ለዘለቄታው የሚያኖርለት ሃርድ ዲስኩ ወይም በዘመኑ ስሙ ኤስኤስዲው ነው፤ ሥዕሉን የሚሥልለት ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ማዘርቦርዱ፣ የሚመግባቸውም ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሣጥኑ እነዚህን ይሸከማል፤ ነፋስ ያስገባል፤ ያስወጣልም። የአሜሪካው ኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 «ኤቲኤክስ» የተባለውን የልክ ደንብ ካወጣ ወዲህ የማዘርቦርድ ስፋት 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ የብሎኖቹም ቀዳዳ ስፍራ የታወቀ ሆኗል፤ ታናሹ «ማይክሮ ኤቲኤክስ» ደግሞ 244 በ244 ነው። ስለዚህ በአንድ አገር የተሠራ ቦርድ በሌላ አገር በተሠራ ሣጥን ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ርካሹ ሣጥንና ውዱ ሣጥን አንዱን ቦርድ አንድ ዓይነት አድርገው ይይዙታል ማለት ነው። ልዩነቱ በቆርቆሮው ውፍረት፣ በነፋሱ መንገድና በጌጡ ነው።

የመስተዋቱ ፋሽን የመጣው በየደረጃው ነው። አስቀድሞ የቆርቆሮውን ጎን ቈርጠው ፕላስቲክ ይለጥፉበት ነበር፤ ፕላስቲኩ ግን በጨርቅ ሲወለወል ይቧጨራል፤ ይደበዝዛልም። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ገደማ ጀምሮ መስተዋት ተተካ። የታይዋኑ ሊያን ሊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኦ11 ዳይናሚክ» የተባለውን ፊቱም ጎኑም መስተዋት የሆነ ሣጥን ካወጣ በኋላ፣ ሌሎች ብዙዎች መልኩን እየተከተሉ በርካሽ ስለ ሠሩት፣ ዛሬ ባለ መስተዋት ሣጥን የባለጸጋ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል።

መስተዋቱ ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ጠባይ አለው። ይህ እንደ መስኮታችን መስተዋት ያለ አይደለም፤ የመኪና የጎን መስኮት የሚሠራበት ዓይነት ነው፤ ነጋዴዎች «ቴምፐርድ» ይሉታል። ሲሠራ ከ600 ዲግሪ በላይ ይግልና በኀይለኛ ነፋስ በድንገት ይቀዘቅዛል። ላዩ ፈጥኖ ሲጠነክር ውስጡ ዘግይቶ ስለሚኮማተር፣ ውስጡ ላዩን ወደ መካከል እየጐተተ፣ ላዩም እየተጨመቀ ይኖራል። በዚህ ምክንያት በመሐሉ ቢመቱት ከተራው መስተዋት ይልቅ ብዙ ይችላል። ነገር ግን ጠርዙ ደካማ ነው፤ ጠርዙ ከተነካና ስንጥቁ ከላዩ አልፎ ወደ ውስጡ ከገባ፣ የታመቀው ኀይል በአንድ ጊዜ ይለቀቅና መስተዋቱ በሙሉ እንደ ጨው ይፈረካከሳል። በተለይ በሴራሚክ ንጣፍ ላይ ጠርዙን አስነክቶ ማቆም እጅግ አደገኛ ነው፤ ሴራሚክ ከመስተዋት ይጠነክራልና። በየአገሩ ብዙ ሰዎች ኬዛቸውን ሲከፍቱ መስተዋቱን በወለል ላይ ለአፍታ በማቆማቸው ብቻ ተሰባብሮ በእጃቸው ቀርቷል። የሮቢት ቤት ብዙው ወለሉ አፈር ወይም ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶም ቢሆን በውስጡ ጠንካራ አሸዋ አለበትና መስተዋቱን በታጠፈ ጋቢ ላይ አጋድሞ ማስቀመጥ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እርሱም ሙቀት ነው። የኮምፒዩተር ማራገቢያ በረዶ አያመርትም፤ በክፍሉ ያለውን አየር ወስዶ በጋለው ዕቃ ላይ ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ የዕቃው ሙቀት ምን ጊዜም ከክፍሉ ሙቀት በላይ ነው። በአዲስ አበባ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 65 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ፣ ያው ዕቃ፣ በዚያው ሥራ፣ 33 ዲግሪ በሆነ የቆላ ክፍል ውስጥ ወደ 78 ይጠጋል። ከዚህም በላይ የራያ ሜዳ ቆላ ይባል እንጂ ከባሕር ወለል ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ በዚያው መጠን ይቀንሳል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ከዚህ የባሰ የሳሳ አየር አላት፤ ነገር ግን ብርዷ ይክሳታል። ሮቢት ሙቀቱም፣ የአየሩ መሳሳትም ሁለቱም አለባት። አምራቾቹ በማስታወቂያቸው የሚጽፉት የሙቀት ልክ በቀዝቃዛ ክፍል የተለካ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበጃል።

ሦስተኛው ነገር አቧራ ነው። በመኸር ጊዜ ማሽላ ሲወቃ፣ በበጋም ነፋስ ሲነሣ ምን እንደሚመስል የአገሩ ሰው ያውቀዋል። አቧራ በማራገቢያው ክንፍና በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ብረቶች መካከል ሲከማች እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል።

እንግዲህ ፊቱ መስተዋት የሆነ ሣጥን በእንዲህ ያለ አገር ምን ይሆናል? ነፋሱ በፊት ለፊት መግባት ስለማይችል በጎን ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች እየተሳበ ይገባል፤ ማራገቢያውም በብርቱ እየጮኸ ይሠራል። እኔ በበኩሌ ለቆላ ቤት የምመርጠው ፊቱ ወንፊት፣ ጎኑ ብቻ መስተዋት የሆነውን ነው፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ያንሳል። የፊቱ ብረት በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ፣ ከኋላውም ወጥቶ የሚታጠብ ቀጭን መረብ ያለው መሆን አለበት። ሁለት ማራገቢያ ከፊት አየር ቢያስገቡና አንድ ከኋላ ቢያስወጣ፣ የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራው በመረቡ በኩል ተጣርቶ ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ መግባት ይሳነዋል። እህል በወንፊት የሚነፋ ሕዝብ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ እኅቴ ገና አንድ ጊዜ ስነግራት ገብቷት፣ «ታዲያ ወንፊቱን ማን ያራግፈዋል?» ብላ ጠየቀች። መልካም ጥያቄ ነበር።

መስተዋቱ ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ለስሌቱ ምንም አይጨምርም። ሆኖም እንደ መምህር አንድ ጥቅም አየሁበት፤ ዕቃው የተዘጋ ምሥጢር መሆኑ ይቀራል። ታናናሾቹ ልጆች በመስተዋቱ እያዩ «ይህ ምንድን ነው? ያ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አቧራውም ሲከማች ቶሎ ይታያል። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ግን እስኪቃጠል ድረስ የሚያየው የለም።

ከሙቀት ቀጥሎ ያለው ፈተና መብራት ነው። መብራት መሄዱ ብቻ ሳይሆን፣ ሲመጣ አመጣጡ ዕቃን ያበላሻል፤ በምሽትም ሁሉም ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት ኀይሉ ከ220 ቮልት እጅግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ በጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። «200–240» ተብሎ የተጻፈበት ኀይሉ ሲወርድ ይጠፋል፤ «100–240» የተባለው ግን የወረደውን ኀይል ታግሦ ሥራውን ይቀጥላል። ይህች አንዲት መሥመር በሮቢት ከሰባት ባለ መብራት ማራገቢያ ትበልጣለች። ዩፒኤስም ቢቻል መግዛት ይገባል፤ ለረጅም ሥራ ባይሆን፣ የተጀመረውን ሥራ አስቀምጦ በደኅና ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣልና። ኮምፒዩተሩን፣ ምድጃውንና የስልኩን ቻርጀር በአንድ ዲቫይደር ላይ መደርደር ግን ቤት ማቃጠል ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እንናገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በ2017 ዓ.ም. ውስጥም ከ130 በላይ ሆኗል። ይህ ማለት በውጭ አገር 200 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ፣ የመጓጓዣው፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ፣ ከ11,400 ብር ተነሥቶ ከ26,000 ብር በላይ ደረሰ ማለት ነው። የልጁ ወረቀት በበሬ ዋጋ መለካቱ ስለዚህ ነበር። እኅቴም የውኃው ሞተር በዚያ ዓመት ካልተገዛ የሚቀጥለውን ሽንኩርት በኪራይ ሞተር ማጠጣት ሊኖርባት ነው፤ ኪራዩም ትርፏን ይበላዋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መግዛት እንደማይቻል ግልጽ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ወረቀት ነው። ወጣቱ የጻፈው ፕሮሰሰር ኤኤምዲ ኩባንያ የሚሠራው ራይዘን 5 5600 ነበር፤ ይህ ያለ ግራፊክስ ካርድ ሥዕል ማሳየት አይችልም። ወንድሙ የሆነው 5600ጂ ግን፣ እርሱም ስድስት ልብ ያለው፣ በ65 ዋት ደረጃ የተመደበ ሲሆን፣ በውስጡ የራሱን ሥዕል ሣይ ይዟል። ጉልበቱ መጠነኛ ነው፤ ቀለል ያሉ ጨዋታዎችን ያጫውታል፤ የሰርግ ፊልምም ያቀናብራል። በዚህ ቢጀመር ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ የሆነው ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው ሊቀር ይችላል፤ የሚገባበት ስፍራ በማዘርቦርዱ ላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ወደ ፊት ገንዘብ ሲገኝ፣ ለምሳሌ አርኤክስ 6600 የተባለው ካርድ 132 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ፣ 550 ዋት የሆነ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ሁለቱንም ሳይቸገር ይመግባል። ለዚህም ነው ፓወር ሰፕላዩን አስቀድሞ በደንብ መግዛት የሚሻለው።

እንዲህም ሆነ። እኅቴ ሞተሯን ገዛች። ልጁ ያጠራቀመውን አወጣ፤ እናቱ ከሞተሩ የተረፈውን ጨመረችለት፤ እኔም አቅሜ የፈቀደውን አደረግሁ። ያገለገለ ካርድ በርካሽ እንግዛ የሚል አሳብም ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ግን አልወደድሁትም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 «ኢቴሪየም» የተባለው ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ከቀረ በኋላ፣ ሌትና ቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ተበትነዋል፤ ከመልካቸው ድካማቸው አይታወቅም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። መንገዱ በደብረ ሲና ቍልቍለት ወርዶ፣ ኮምቦልቻና ደሴን አልፎ፣ በሐይቅና በመርሳ በኩል ወልድያ እስኪደርስ ወደ 520 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያም ወደ ሮቢት ይቀጥላል። ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒዩተር በዚህ መንገድ ቢላክ ማቀዝቀዣው በራሱ ክብደት ይነቃነቃል፤ ካርድ ቢኖረውም ማስገቢያውን ያጣምማል። ስለዚህ ዕቃው በየካርቶኑ ሆኖ፣ መስተዋቱ ከሣጥኑ ወጥቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ልጁ ራሱ በጭኑ ይዞት ተጓዘ። ካርቶኖቹን ሲያዩ ተሳፋሪዎች የሙሽራ ዕቃ መስሏቸው መረቁት።

መገጣጠሙ የተደረገው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መሣሪያው አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነበር። ልጁ አስቀድሞ እጁን ከሣጥኑ ብረት ላይ አሳረፈ፤ በደረቅ አየር በሰውነታችን ላይ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ ለእኛ ባይሰማንም ጥቃቅኑን ዕቃ ሊገድል ይችላልና። ማዘርቦርዱን በካርቶኑ ላይ አጋደመው። ይህ ፕሮሰሰር በሆዱ 1,331 ጥቃቅን የብረት እግሮች አሉት፤ አንዱ ቢጣመም ዕቃው ዋጋ የለውም። በማዕዘኑ ያለችውን የወርቅ ቀለም ሦስት ማዕዘን ምልክት በቦርዱ ካለችው ምልክት ጋር አስተያይቶ፣ ሳይጫነው፣ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ለቀቀው፤ ከዚያም ማንሻውን መለሰ። በላዩ ላይ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ የሙቀት ቅባት አኖረ፤ ማቀዝቀዣውን በብሎን ሲያስር አንዱን ጥቂት፣ ማዶውን ጥቂት እያለ በመስቀል አስተያየት አጠበቀ። ራሞቹን ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ማስገቢያ ላይ ተክሎ «ቀጭ» እስኪሉ ተጫናቸው። ኤስኤስዲው በአንዲት ብሎን ተያዘ። ቀጥሎ ቦርዱ ወደ ሣጥኑ ገባ፤ ከሥሩም የናስ እግሮቹ በየቀዳዳው ትክክል መሆናቸው ተመረመረ፤ ቦርዱ ቆርቆሮውን ከነካ ኤሌክትሪኩ አለ መንገዱ ይሄዳልና።

ከሁሉ ያስቸገረው የሣጥኑን ማብሪያ ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ጽሑፋቸው እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆነ መነጽሬን ተውሶ አነበበ። በመጨረሻም የቀሩትን ገመዶች በኋላ በኩል አስሮ፣ አንድ ጊዜ አበራው። ማራገቢያው ዞረ፤ በስክሪኑም ላይ ጽሑፍ ወጣ። መስተዋቱ የተገጠመው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ መሥራቱ ከተረጋገጠ ወዲያ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ለሌሎችም እመክራለሁ። ታናሽ እኅቱ በመስተዋቱ ውስጥ ተመልክታ፣ «እዚህ ጋ ባዶ ነው፤ ዕቃ ጐድሏል» አለች። የካርዱን ስፍራ ማለቷ ነበር።

ሥራ አስኪያጅ ፕሮግራሙ በነጻ የሚታደለው ኡቡንቱ ሆነ። በአማርኛ መጻፍ መቻሉን እኔ ራሴ ፈተንሁት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ በማናቸውም ዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ይነበባል፤ ከዚያ በፊት አንዱ የጻፈውን ሌላው መክፈት የማይችልበት ዘመን እንደ ነበር የምናስታውስ አለን። የኢንተርኔቱ ነገር ግን የራሱ ችግር አለው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። ታላላቆቹ ጨዋታዎች ደግሞ 100 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ስለሚሆኑ፣ በስልክ ጥቅል እነርሱን ማውረድ ገንዘብን በወንፊት መያዝ ነው። በዚህ አገር ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ያለ ኢንተርኔትም የሚሠራ ነገር አስቀድሞ ያሰናዳ።

ስለ ጨዋታው ወላጆች የሚፈሩት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጨዋታ ልማድን እንደ ሕመም ቈጥሮታል፤ ይኸውም ሰው ራሱን መግታት አቅቶት፣ ከሥራና ከቤተ ሰብ ይልቅ ጨዋታውን አስቀድሞ፣ ጉዳቱን እያየ እንኳ የማይተው ሲሆን፣ ይህም በተለመደው ቢያንስ ለአንድ ዓመት የዘለቀ እንደ ሆነ ነው። አልፎ አልፎ የሚጫወት ልጅ በዚህ አይቈጠርም። በእኅቴ ቤት ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው ሁሉም በሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ስክሪኑም ወደ በሩ ዞሯል። እርሷ ራሷ የመረጠችው ስፍራ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ደንብ እኔም አላገኘሁም።

በሌላው ወገን ደግሞ ጨዋታ የሚሠራ ሰው በአገራችን አለ። በአዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው «ቅኔ ጌምስ» «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ጨዋታ፣ ደግሞም የገበጣን ጨዋታ ለስልክ አዘጋጅቶ አውጥቷል። በቅኔ ቤት ላለፈ ሰው ስሙ ራሱ ደስ ያሰኛል፤ ሰምና ወርቅ ያለው ጨዋታ ገና እንጠብቃለን። በውጭ አገር ደግሞ የላትቪያው ፊልም ሠሪ ጊንትስ ዚልባሎዲስ፣ በጎርፍ ስለ ተከበበች ድመት የሚናገረውን «ፍሎው» የተባለውን ፊልም የሠራው፣ «ብሌንደር» በተባለ ለማንም በነጻ በሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል። ይህ ፕሮግራም ከ1 ጊጋባይት የማይበልጥ ስለ ሆነ በፍላሽ ተይዞ ሮቢት ደርሷል። ልጁ እስካሁን የሠራው አንድ የሣር ጎጆና አንድ ግመል ነው፤ ግመሉ ሲራመድ እግሩ ይጠላለፋል።

የሰርጉ ሥራ ግን ገንዘብ አስገኘለት። በ2018 ዓ.ም. በጥር ወር ከቆቦና ከጎብዬ ፊልም አንሺዎች ሥራ እየተቀበለ አቀናበረ። ለመዝናኛ ያሰበውን ካርድ ሊገዛ ሲያስብ ግን ሌላ ነገር ተከሠተ፤ በዓለም ላይ ለሰው ሠራሽ አእምሮ የሚገነቡት ታላላቅ የስሌት ማእከሎች የሚፈልጉት ራም ብዙ ስለ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ እጅግ ናረ። የእርሱ 16 ጊጋባይት አስቀድሞ የተገዛ በመሆኑ ከዚህ ተርፏል፤ ግራፊክስ ካርድም በውስጡ የራሱ ራም ያለው ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው እንደማይቀንስ ነግሬዋለሁ። የጥር ገቢው የካርዱን ግማሽ ያህል ይሸፍናል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሰርጎች የቀረውን እሞላለሁ ይላል። እናቱ ደግሞ ከካርዱ በፊት የዩፒኤሱ ባትሪ ይቀየር ብላለች፤ በዚህ በኩል እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ።

ወንፊቱን የሚያራግፉት ታናናሾቹ ልጆች ናቸው፤ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ መብራቱን አጥፍተው፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ መረቡን በውኃ ያጥቡታል፤ በጥላ አድርቀውም ይመልሱታል። መስተዋቱን የሚያወጣው ታላቅየው ብቻ ነው፤ የሚያስቀምጠውም በጋቢው ላይ ነው።